የእሜቴ ልባብ

ባሏ በተቀበረ ማግስት ልብስ ማጠብ ጀመረች፤ ሦስት ቀን አላባራችም። ሰው ሲጨንቀው እጁ የለመደውን ይሠራል፤ የእሷ እጅ ደግሞ የለመደው ማጠብ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት በሆቴል ላውንደሪ አንሶላና ፎጣ ስታጥብ፣ ስትተኩስ፣ ስታጥፍ ኖራለች። ደም ለምን በሙቅ ውሃ እንደማይነካ፣ ቅባት በምን እንደሚለቅ፣ በረኪና የቱን ጨርቅ እንደሚበላ ለማወቅ ከእሷ ወዲያ ላሳር ነው። አዲስ የሚቀጠሩት ሴቶች «ዶክተር» ይሏታል፤ እሷም «አቤት በሽተኞቼ» ትላቸዋለች።

ካፖርቱን አጠበች። ሸሚዞቹን፣ ሹራቡን፣ ኮፍያውን፣ የትራሱን ልብስ፣ ብርድ ልብሱን አጠበች። የጫማውን ክር ሳይቀር ነቅላ በሳሙና ዘፈዘፈች። ግቢው ውስጥ የተዘረጋው ገመድ አልበቃ ብሏት አጥሩ ላይ ሰቀለች። በአራተኛው ቀን ሁሉንም አጥፋ ቁም ሳጥን ውስጥ ከከተተች በኋላ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለችና አንዱን ሸሚዝ መልሳ አውጥታ አፍንጫዋ ላይ ደፋችው። ሳሙና ሳሙና አላት። ካፖርቱን አነሳች፤ እሱም ሳሙና። ትራሱን አቀፈች፤ ከሆቴሉ ትራስ በምንም አይለይም።

«አጥቤ ጨረስኩት» አለች ጮክ ብላ።

የሚገርመው፣ ዕድሜ ልኳን ስትዋጋው የኖረችው ያንኑ ሽታ ነው። ባሏ ፈረስ ገሪ ነበር፤ የሰው ፈረስ እየተቀበለ ያለማምዳል። ከሥራ ሲገባ ፈረሱም አብሮት ይገባል፤ ላቡ፣ ድርቆሹ፣ ጋጣው ሁሉ። «ኧረ ፈረሱን ውጭ እሰረውና ብቻህን ግባ!» ትለዋለች በሩ ላይ ቆማ። እሱም ድምፅ የሌለውን ሳቁን ይስቅና ጫማውን ደጅ አውልቆ ይገባል። በዚያ ላይ ራሰ በራ ነበር፤ ራሰ በራነቱን ግን እስከ ዕለተ ሞቱ አልተቀበለም። ጠዋት ጠዋት የሎሚ ሽታ ያላት የጸጉር ቅባት መላጣው ላይ ያሻል። «ዘር ያልተዘራበትን ማሳ ውሃ ታጠጣለህ» እያለች ትስቅበታለች። ሎሚውና የፈረሱ ላብ የተደባለቁበት ሽታ ደግሞ በአንድ እጥበት አይለቅም፤ ሦስቴ አጥባው ነው የለቀቀው። ሠላሳ ዓመት ያማረረችበት ትራስ ይኸው ንጹሕ ሆነላት፤ አሁን ሌሊቱን ሙሉ ብታገላብጠው የምታማርርበት አጣች።

ልጅ አልወለዱም። ቤቱ ሁለት ክፍልና አንድ ኩሽና ነው። ከኩሽናው መስኮት ወዲያ በእንጨት የታጠረ ሜዳ አለ፤ ከሜዳው ጥግ ጋጣው። ባሏ ሲገራቸው የነበሩትን ፈረሶች ባለቤቶቻቸው እየመጡ ወሰዷቸውና አንዲት ዳማ ውርንጭላ ብቻ ቀረች፤ ሁለት ዓመት ቢሞላት ነው። እሷን ባሏና ታናሽ ወንድሙ በጋራ ነው የገዟት። ባሏ «እሜቴ» ነበር የሚላት። ሰፈሩ እሱን «ጭጭ» ይለው ነበር፤ ግን ጭጭ የሚለው ከሰው ጋር እንጂ ከእሜቴ ጋርማ ወሬው ማለቂያ አልነበረውም። ሚስት ከኩሽና ሆና ድምፁን እንጂ ቃሉን አትሰማም።

«ለኔስ አንድ ቀን እሜቴ ብለኸኝ ታውቃለህ?» አለችው አንዴ።

ደነገጠ። ትንሽ አሰበና «አንቺ እንደሷ አትራገጪማ» አላት። በእሱ ቤት ማሞገሱ ነው።

እሱ ከሞተ ወዲህ እሜቴ ሰው አላስጠጋም አለች። ገብሷን ትበላለች፣ ውሃዋን ትጠጣለች፤ እጅ ሲዘረጋላት ግን ጆሮዋን ወደ ኋላ ለጥፋ ፊቷን ታዞራለች፤ ገመድ ካየችማ እግሬ አውጪኝ ነው። ሦስት ወር እንዲህ ሆኖ ቆየና አንድ እሁድ ዋርሳዋ፣ ያ የባሏ ታናሽ ወንድም፣ አጥሩን ተደግፎ ራሱን ነቀነቀ።

«እትዬ፣ ይቺ እንስሳ ከመብላት ሌላ ሥራ የላትም» አላት። «የማትያዝ ፈረስ ደግሞ አንድ ቀን ሰው ትጎዳለች። ድንጋይ የሚያመላልሰው ጋሪ ነጂ ይወስዳታል፤ ተነጋግረን ጨርሰናል።»

«ያ ሰውዬ? ያ በአለንጋ የሚጨርሳቸው?»

«ይገራታል።»

«ይሰብራታል በለኝ እንጂ!»

ዋርሳዋ ክፉ ሰው አይደለም፤ ችግሩ ሁልጊዜ ልክ መሆኑ ነው። ልክ የሆነ ሰው ደግሞ አይለመንም። ፊቷን አየት አደረገና ግን ትንሽ ለዘብ አለ።

«እሺ፣ እስከ ቅዳሜ። ቅዳሜ ጠዋት ራስሽ ልባብ አጥልቀሽላት ከሜዳው እስከ ውጭው በር ከመራሻት፣ ድርሻዬን ትቼልሻለሁ፤ ያንቺ ትሁን። ካልሆነ ግን ጋሪ ነጂው ይወስዳታል፤ ከዚያ ወዲያ ቅያሜ የለም።»

ከመኪናው ውስጥ አዲስ ልባብ አውጥቶ ሰጣት፤ አፍ ውስጥ የሚገባ ብረት የሌለው፣ በጠፍር የተሠራ፣ መቆለፊያው የሚያብለጨልጭ የራስ ማሰሪያ ነው። እንዲህ ቸር የሆነው እንደማትችል እርግጠኛ ስለነበረ ነው። በኖረበት ዘመን ሁሉ እሷን ፈረስ አጠገብ ያያት አፍንጫዋን ይዛ ነው።

እሷም እንደማትችል አልጠፋትም። ግን ጠዋት የኩሽናውን መስኮት ስትከፍት ቀና ብሎ የሚያያት ፍጥረት እሜቴ ብቻ ናት። እሷ ከሄደች ግቢው ውስጥ ሌላ የሚተነፍስ ነገር አይኖርም። ለሆቴሉ ደውላ የሳምንት ፈቃድ ወሰደች፤ ላውንደሪ ውስጥ «ዶክተር ታመመች» ተባለ።

ሰኞ በገብስ ሞከረች። ባልዲውን በግራ እጇ አስቀድማ፣ ልባቡን በቀኝ እጇ ከጀርባዋ ደብቃ ቀረበች። እሜቴ አንገቷን አስግጋ ሁለት ጉርሻ ወሰደች፤ የተደበቀችው እጅ ንቅንቅ ስትል ግን ባልዲውን በደረቷ ገፍታ ሜዳውን አቋርጣ ፈረጠጠች። ሴትዮዋ ጎንበስ ብላ የፈሰሰውን ገብስ ስትለቅም ውርንጭላዋ ከዳር ቆማ ታያት ነበር።

ማክሰኞ የባሏን ካፖርት ለበሰች። ተንኮሉ አሳፍሯታል፤ ግን የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። እጅጌውን ጠቅልላ፣ ኮፍያውን እስከ ቅንድቧ ደፍታ፣ እንቅልፍ ያልጠገበ ሰው የሚመስለውን የእሱን አረማመድ እየኮረጀች ገባች። እሜቴ ከሩቅ አየቻትና አሽካካች። ሦስት ወር ሙሉ ያልተሰማ ድምፅ ነው። ጋማዋን እያርገበገበች ሮጣ መጣችና አፍንጫዋን ካፖርቱ ደረት ላይ ለጠፈች። አንዴ ሳበች፤ እንደገና ሳበች። ከዚያ ቀና ብላ ኮፍያው ሥር ያለውን ፊት አየች፤ ፍርር አለችና ዞራ ሄደች። ቀስ ብላ ነው የሄደችው፤ መሮጥ እንኳ አላሻትም።

ሴትዮዋ በባሏ ካፖርት ውስጥ እንዳለች እዚያው ቀረች።

«እኔም እንዳንቺው ነኝ» አለቻት ከኋላዋ። «እኔም አሽትቼ አጣሁት።»

የረቡዕን ብዙ ባናወራው ይሻላል። በሳንቃ ከልዬ ጥግ አስይዛታለሁ ብላ ትከሻዋን ተመትታ ጭቃ ላይ በቂጧ መቀመጧን ብቻ ተናግረን እንለፍ። ሐሙስ ከአልጋ አልተነሳችም።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ጋጣው ውስጥ ገብታ ግድግዳውን ስታይ አንድ ነገር ልብ አለች። የባሏ አሮጌ ልባብ ከሚሰቀልበት ሚስማር ላይ የለም። ያን ጊዜ ትዝ አላት፤ ሊሞት ሳምንት ሲቀረው ለኮርቻ ሠሪው እንዲጠግነው ሰጥቶት ነበር። ምናልባት እሜቴ የጠላችው የአዲሱን ቆዳ ይሆናል ብላ ተስፋ አደረገች። ነጠላ ጫማዋን በሽፍን ቀይራ አውቶቡስ ያዘች፤ የኮርቻ ሠሪው ሱቅ ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ ነው።

ሱቁ አንድ ሰው ተቀምጦ ሌላው ቆሞ የሚያወራበት ያህል ብቻ ነው። ኮርቻ ሠሪው ሰባውን ያለፉ ሽማግሌ ናቸው፤ መነጽራቸው በሰም በተሸ ክር ታስሮ አፍንጫቸው ላይ ተንጠልጥሏል። ማን እንደሆነች ሲያውቁ ወስፌያቸውን አስቀምጠው ተነሡ።

«ጋሼ፣ ባለቤቴ እርስዎ ዘንድ የተወው ልባብ ነበር?»

«አፈርኩ ልጄ። እውነቴን ነው፣ አፈርኩ። ነገ ነገ ስል አልነካሁትም። እሱ ሲሞት ደግሞ ለማን ብዬ ልሥራው?» ከመደርደሪያው ሥር አፉ የተቋጠረ ፌስታል ጎትተው አወጡ። «ይኸው፤ እሱ እንደቋጠረው ነው።»

«ምኑ ተበላሽቶ ነው ያመጣው?»

«ምንም አልተበላሸም። አስፋልኝ ነው ያለኝ። የፈረሷ ራስ አድጎ ነው ወይ ብለው፣ አይ ለኔ ራስ ነው፣ ጆሮዬን እየላጠኝ ነው አይለኝም!» ሽማግሌው ሳቃቸው ሳል ሆኖ አስቸገራቸው። «መቼም ባልሽ ጉድ ነበር። መጀመሪያ ራሱ ነበራ የሚያጠልቀው። የምትፈራውን ነገር እኔ ላይ ካላየችው በምን ታምነኛለች ይላል። ታስሮ ይቆምላታል፤ እስክትጠግብ ታሸተዋለች፤ ከዚያ ከራሱ አውልቆ ለሷ። በየቀኑ! አንቺ አታውቂም ነበር እንዴ?»

ታውቃለች። ያውም መጀመሪያ ያየችው እሷ ናት። አምና ኩሽና ቆማ ሳህን ስታጥብ በመስኮቱ አየችው፤ ባሏ ከሜዳው መሐል ልባቡን መላጣው ላይ አጥልቆ፣ የአፍንጫው ጠፍር አገጩ ሥር ወርዶ፣ ገመዱ ደረቱ ላይ ተንጠልጥሎ ቆሟል። እሜቴ ጆሮውን ታሸታለች። ሳህኑን ጥላ እስክታለቅስ ሳቀች። ሳቁ አልበቃ ብሏት በዚያው እሁድ እንግዳ በሞላበት ምሳ ለዋርሳዋ አወራችው። እሱም «ታዲያ ወንድሜን ማን ሊጋልበው ነው?» ብሎ ጠረጴዛውን በሳቅ ናጠው። ባሏ ጎንበስ ብሎ ሾርባውን ጠጣ። ከሰኞ ጀምሮ እሜቴን ከጋጣው ጀርባ እየወሰደ ነበር የሚሠራት፤ የኩሽናው መስኮት እዚያ አይደርስም። እሷ ደግሞ ቀልዱን የተወው መስሏት ረስታው ነበር።

«እብደት መስሎኝ ነበር፣ ጋሼ» አለች።

«እብደትማ ነው። ግን የሚሠራ እብደት ነው።» ፌስታሉን ሊፈቱ እጃቸውን ዘረጉ። «አሁኑኑ ልስፋልሽ፤ አላስቆምሽም።»

«አይ፣ እንዳለ ይሁን» ብላ ብብቷ ሥር አደረገችው።

አውቶቡሱ ውስጥ ፌስታሉን አቅፋ ስትሄድ የሚያንገበግባት አንድ ነገር ነበር። የዚያን ሰው ሥራ ሠላሳ ዓመት በመስኮት እያየች፣ አንድ ቀን ወጥታ «ምን እየሠራህ ነው?» ብላ አልጠየቀችውም። ብትጠይቀው ይነግራት ነበር። ጭጭ ያለው ጠያቂ አጥቶ እንደሆነስ?

ቅዳሜ ማለዳ ሰው ሳይመጣ ልሞክር ብላ አስባ ነበር፤ ዋርሳዋ ግን ለምንም ነገር ቀድሞ የሚደርስ ሰው ነው። ገና ፊቷን ሳትታጠብ አጥሩ ላይ ደረሰ። ጋሪ ነጂውም አብሮት አለ፤ አጭር፣ ደረተ ሰፊ ሰው፣ ትከሻው ላይ የገመድ ጥቅል፣ ቀበቶው ውስጥ አለንጋ።

«እትዬ፣ ልባቡን አመጣሽ?»

«አምጥቻለሁ።»

ሜዳው መሐል ድረስ ሄደች። እሜቴ ከወዲያኛው ጥግ ጆሮዋን ቀስራ ቆማለች። ሴትዮዋ ፌስታሉን ከመፍታቷ በፊት አንድ ጊዜ ወደ ሁለቱ ወንዶች ዞር ብላ አየች። ያ የምሳ ሳቅ አሁን በእሷ ላይ ሊመጣ ነው፤ ሰው በሰፈረው ቁና መሰፈሩ አይቀርም። ሻሿን አወለቀች። ቋጠሮውን ፈታች፤ ልባቡን በሁለት እጇ ከፍ አድርጋ ራሷ ላይ አጠለቀችው።

«ኧረ እትዬ! የፈረሷ ነው እኮ!» አለ ዋርሳዋ።

ጋሪ ነጂው በሳቅ ፈረሰ። «ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች አሉ!»

ዋርሳዋም መሳቅ ጀምሮ ነበር፤ ግን ሳቁ መሐል ላይ ቀረ። ያንን ልባብ አወቀው።

እሷ ሳቁንም ዝምታውንም አልሰማችም። ልባቡ ቅንድቧ ላይ ወርዷል፤ ከውስጥ የተደረበው የሱፍ ጨርቅ ግንባሯንና ጉንጯን ነክቷታል። እና ሸተታት። መጀመሪያ ሎሚው። ከዚያ ድርቆሹ። ከዚያ የላቡ፣ የዚያ ሰው፣ በር ላይ ቆሞ ያለ ድምፅ የሚስቀው ሰው ሽታ። ሦስት ቀን ሙሉ በሙቅ ውሃ ያባረረችው ሰው እዚህ ጨርቅ ውስጥ ተደብቆ ቀርቶ ነበር። ማንም አላጠበውም። አንድ ሰነፍ ሽማግሌ ነገ ነገ ሲል አትርፎላት ነበር።

«የት ነበርክ?» አለች።

ከቀብሩ ቀን ጀምሮ ደረቷ ላይ ደርቆ የቆመው ለቅሶ ያን ጊዜ ወጣ። ዓይኗን ጨፍና፣ ገመዱ ደረቷ ላይ እንደተንጠለጠለ፣ እንደ ልጅ አፏን ከፍታ አለቀሰች። ቅዳሜ መሆኑን ረሳች፤ እሜቴንም ረሳቻት።

አንገቷ ላይ ሙቅ ትንፋሽ ሲያርፍ ነው የነቃችው። እሜቴ ከጆሮዋ ጀርባ ጠፍሩን እያሸተተች ነበር። ትስባለች፣ ታቆማለች፣ ደግሞ ትስባለች። ሴትዮዋ አልተንቀሳቀሰችም። ሁለቱም አንዱን ሽታ እየተካፈሉ ቆሙ፤ አጥሩ ላይ ያለው ሳቅ መቼ እንደበረደ የሚያውቅ የለም። ቆይታ ልባቡን ቀስ ብላ ከራሷ አወለቀችና ሳትደብቅ፣ ፊት ለፊት፣ በሁለት እጇ ዘርግታ ያዘችው። እሜቴ ራሷን ዝቅ አድርጋ አፍንጫዋን በገዛ ፈቃዷ አስገባች።

እስከ ውጭው በር ድረስ ገመዱ አንድ ጊዜ እንኳ አልተወጠረም። ጋሪ ነጂው «ሥራ አስፈታችሁኝ» እያለ ገመዱን በትከሻው አድርጎ ሄደ። ዋርሳዋ በሩን ይዞ ቆሞ ነበር። ውርንጭላዋ አጠገቡ ስትደርስ እጁን ሰደደ፤ የእሜቴን ጉንጭ ሊዳብስ መስሎ ጠፍሩን ዳበሰና ጣቶቹን ወደ አፍንጫው አስጠጋ።

«ቅባቱ» አለ። «ያንቺ ናት እትዬ» ብሎ ፊቱን አዙሮ ወደ መኪናው ሄደ።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። ግን ሴትዮዋ ሠላሳ አንድ ዓመት ላውንደሪ የሠራች ናት፤ ሽታ ከጨርቅ እንዴት እንደሚለቅ ማንም አያስተምራትም። ያ ልባብ እሜቴ ራስ ላይ በወጣ ቁጥር የእሜቴ ላብ የእሱን ይጋፋል። መጀመሪያ ሎሚው ይሄዳል፤ ቀጥሎ ድርቆሹ ያው የእሜቴ ይሆናል፤ እሱ ራሱ የመጨረሻ ነው። ቢበዛ እስከ ክረምቱ። ከዚያ በፊት ውርንጭላዋን ከአዲሱ ልባብ ጋር ማላመድ አለባት፤ እሱንም ቢሆን መጀመሪያ ራሷ እያጠለቀች።

እስከዚያው ግን ጠዋት ጠዋት ወደ ላውንደሪ ከመሄዷ በፊት ሜዳው መሐል ትቆማለች። ፌስታሉን ትፈታለች፤ አንድ ትንፋሽ ለራሷ፣ አንድ ትንፋሽ ለእሜቴ። የውሏንም ታወራላታለች፤ ቤት ውስጥ የሚሰማት የለማ። ውርንጭላዋ ደግማ ለመሳብ አፍንጫዋን ስታስጠጋ ፌስታሉን ቶሎ ብላ ትቋጥረዋለች።

«በቃን እሜቴ» ትላታለች። «ለነገም ይትረፈን።»